ስጋጃው ላይ ያለው በር

ቤትዎ ወለል ላይ የተነጠፈውን ነገር ምን ብለው ይጠሩታል? ልጆችዎ «ካርፔት» ይሉት ይሆናል። እናትዎ ግን ምናልባት ዛሬም «ስጋጃ» ነው የሚሉት። እስቲ ቃሉን ከዘመዶቹ ጋር አንድ ላይ ይጥሩት፤ ሰገደ፣ ሰጋጅ፣ መስገጃ፣ ስግደት፣ ስጋጃ። ሳሎን ያለው ምንጣፍ በስሙ ውስጥ ግንባሩን መሬት ያስነካ ሰው ይዟል። ዐረቦችም የስግደት ምንጣፋቸውን «ሰጃዳ» ይሉታል፤ ፋርሶች ከዚሁ ቃል ሌላ «ጃ ነማዝ»፣ የጸሎት ቦታ፣ የሚል የራሳቸው ስም አላቸው።

ይህን ቃል ጎንደር ፒያሳ ላይ ቆሞ ለሚያስበው ሰው ነገሩ የመዝገበ ቃላት ጉዳይ ብቻ አይሆንም። ከፒያሳ በእግር ትንሽ ወረድ ቢሉ የፋሲል ግቢን ያገኛሉ፤ በዙሪያው ያሉት አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ በዐቢይ ጾም በስግደት ይሞላሉ። ወደ ታች፣ ወደ ቀሃ ወንዝ በኩል፣ አዲስ ዓለም አለ። የጎንደር ሙስሊሞች ሰፈር ነው፤ በድሮ ስሙ «እስላም ቤት» ይባል ነበር። መስጊድ የሚለው ቃልም «የሚሰገድበት» ማለት ነው። በሰሜን፣ በደባርቅ መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲሄዱ ወለቃን ያገኛሉ፤ የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች። እነሱም የጸሎት ቤታቸውን «መስጊድ» ይሉት ነበር። ትልቁ በዓላቸው ደግሞ «ስግድ» ነው። ከጎንደር ብዙም በማይርቀው አምቦበር ተራራ ላይ ወጥተው ያከብሩት የነበረው ይህ በዓል በ2008 እ.ኤ.አ. በእስራኤል ፓርላማ የመንግሥት በዓል ሆኖ ጸድቋል። ሦስት ሃይማኖት፣ አንድ ከተማ፣ አንድ የግስ ሥር።

ለዚህ ነው የፋርስ የስግደት ምንጣፍ ታሪክ ጎንደር ላይ ሲነገር የሩቅ አገር ወሬ የማይመስለው። በዚያ ምንጣፍ ላይ ያለው ሥዕልም እንደ ቃሉ ነው፤ ብዙ ቤት ገብቶ ወጥቷል።

አናትና ግርጌ ያለው ምንጣፍ

ከጣሊያን ዘመን በቀሩት የፒያሳ ሕንፃዎች ሥር ባሉ ሱቆች የረመዳን ጾም ሲቃረብ መስገጃዎች በር ላይ ይሰቀላሉ። አብዛኞቹ በማሽን የተሠሩ፣ ከቱርክና ከቻይና የመጡ፣ ቀላልና ለስላሳ ናቸው። አንዱን አውርደው ይዩት። ሌላ ምንጣፍ ከየትኛውም ጎን ቢያዩት አንድ ነው፤ መስገጃ ግን አናትና ግርጌ አለው። በአንደኛው ጫፍ ላይ ከላይ የሾለ ወይም የተቀሰተ በር አለ። ሰጋጁ ግንባሩን የሚያሳርፈው በዚያ ቅስት ውስጥ ነው፤ ቅስቱም ወደ መካ አቅጣጫ ይዞራል።

በዕድሜ የገፋው የፋርስ ምንጣፍም አጥንቱ ይኸው ነው። ስፋቱ አንድ ሰው ቆሞ፣ ተንበርክኮ፣ ሰግዶ የሚበቃው ያህል ነው፤ አንድ ሜትር በአንድ ተኩል ሜትር ገደማ። በሩን አንዳንዴ ሁለት ምሰሶዎች ይሸከሙታል። ከቅስቱ መሐል መብራት ተንጠልጥሎ ይታያል፤ በቁርኣን የብርሃን ምዕራፍ ፈጣሪ በመስኮት ውስጥ እንዳለ መብራት ብርሃን መመሰሉን ለሚያውቅ ሰው ይህ ግልጽ ነው። በሌሎቹ ላይ በመብራቱ ፋንታ ዛፍ ይቆማል፤ ብዙ ጊዜም የፈረንጅ ጥድ። ፋርሶች ይህን ዛፍ ከእስልምና በፊትም ያከብሩት ነበር፤ ቅጠሉ አይረግፍምና የዘላለም ሕይወት ምልክት አድርገውታል። አልፎ አልፎ ለውዱእ የሚሆን ማንቆርቆሪያ ይሣላል። በባሉች ዘላኖች ሥራ ላይ ደግሞ ከቅስቱ ግራና ቀኝ ሁለት መዳፎች ይታያሉ፤ ሰጋጁ እጁን የሚያሳርፍባቸው ቦታዎች ናቸው። እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ይህን ነው። ምንጣፉ ባለቤቱን እየጠበቀ ይመስላል።

ብዙ ቅስት ጎን ለጎን የተደረደረበትም አለ፤ «ሳፍ» ይባላል፣ ሰልፍ ማለት ነው። ትንሹ የአንድ ሰው ከሆነ ይሄኛው የቤተሰብ ወይም የጀማዓ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንነጋገር። የስግደት ምንጣፍ ሲባል ሁሉም ሰው «የፋርስ» ይላል። ከዘመናት የቀሩት አሮጌ የስግደት ምንጣፎች ግን በብዛት የቱርክ አናቶልያ መንደሮች ሥራ ናቸው። ፋርስ በብዛት የሠራችው ለትልልቅ አዳራሾች የሚሆኑ ምንጣፎችን ነው። ከከተሞቿ፣ ከካሻን፣ ከተብሪዝና ከሄሪዝ፣ የወጡት የሐር መስገጃዎች አብዛኞቹ የ19ኛው ክፍለ ዘመንና ከዚያ በኋላ ያሉ ናቸው። ስለዚህ «የፋርስ ነው፣ አራት መቶ ዓመቱ ነው» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎ ቢያንስ ቀና ብለው ይዩት።

በሩ ከየት መጣ?

ለሶላት ምንጣፍ ግዴታ አይደለም፤ ንጹሕ መሬት ይበቃል። በሐዲስ እንደሚነገረው ነቢዩ ሙሐመድ ከዘንባባ ቅጠል በተሠራች ትንሽ ምንጣፍ ላይ ይሰግዱ ነበር። ይህን ስሰማ መጀመሪያ የሚመጣብኝ የእኛው ሰሌን ነው። አገራችን ውስጥ ሙስሊሙ በሰሌንና በአጎዛ ላይ ሲሰግድ ኖሯል፤ ክርስቲያኑም በዚያው ሰሌንና አጎዛ ላይ ተቀምጦ ዳዊቱን ሲደግም ኖሯል። የሐርና የሱፍ ምንጣፍ፣ ቅስትና አበባ፣ ሁሉም በኋላ የመጣ ነው።

የቅስቱ ምንጭ የመስጊዱ ሚሕራብ ነው፤ ወደ መካ አቅጣጫ ባለው ግድግዳ ላይ ወደ ውስጥ የተጎደጎደው ቦታ። ይህ ጉድጓድ ያለው ሚሕራብ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ከ707 እስከ 709 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት በኸሊፋ አል-ወሊድ ትእዛዝ የመዲና መስጊድ እንደገና ሲሠራ ነው። የዐረብ ታሪክ ጸሐፊዎች በዚያ ሥራ የግብጽ ክርስቲያን ግንበኞች እንደተሳተፉ ጽፈዋል። ግንበኞቹ ያንን ቅርጽ ከየት እንደሚያውቁት መገመት አይከብድም፤ በምሥራቅ ያሉት አብያተ ክርስቲያናት መሠዊያቸው ያለበት ጫፍ በዚያው መልክ ነበር የሚሠራው። ከዚያ በፊትም ሮማውያን ሐውልቶቻቸውን በእንዲህ ያለ ቅስት ሥር ያቆሙ ነበር፤ አይሁድም በምኩራቦቻቸው ለኦሪት መጻሕፍት ማስቀመጫ አድርገውታል።

ወደ ምንጣፍም ሲገባ ድንበሩን አልጠበቀም። በዋሽንግተን የጨርቃ ጨርቅ ሙዚየም ውስጥ በ16ኛው ወይም በ17ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ካይሮ ውስጥ የተሠራ ምንጣፍ አለ። ቅስት አለው፣ ምሰሶ አለው፣ መብራትም አለው። ከሩቅ ያየ ሰው ያለ ጥርጥር የሙስሊም መስገጃ ነው ይላል። ቀረብ ሲሉት ግን ከላይ በዕብራይስጥ የመዝሙረ ዳዊት ቃል ተጽፎበታል፤ ጻድቃን ስለሚገቡበት የጌታ በር የሚናገረው። የምኩራብ መጋረጃ ነው። ያንኑ በር አንዱ ሕዝብ መሬት ላይ አነጠፈው፣ ሌላው ግድግዳ ላይ ሰቀለው።

የእኛ ቅስቶች

«ታዲያ ይህ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» ካሉ ወደ ዓድዋ አካባቢ፣ ወደ አባ ገሪማ ገዳም እንሂድ። እዚያ ያሉት የብራና ወንጌሎች በራዲዮካርቦን ሲመረመሩ ዕድሜያቸው በ4ኛውና በ7ኛው ክፍለ ዘመን መካከል ሆኖ ተገኝቷል። ከወንጌሉ ጽሑፍ በፊት አራቱ ወንጌላት የሚስማሙባቸውን ቦታዎች የሚያሳዩ ሰንጠረዦች አሉ። ሰንጠረዦቹ የተሣሉት በምን ውስጥ ነው? በቀለም ባጌጡ ምሰሶዎች ላይ ባረፈ ቅስት ውስጥ። አናቱ ላይ ወፎች፣ መስኩ ውስጥ የሐረግ ጉንጉን። አንባቢው ወደ ቅዱሱ ቃል የሚገባው በበር ነው።

የኢትዮጵያ ጸሐፍት ይህን ቅስት ለብዙ መቶ ዓመታት ሲገለብጡት ኖረዋል። የፋርስ ሸማኔ የገሪማን ወንጌል አይቶ ምንጣፍ ሠራ እያልኩዎ አይደለም። ሁለቱም የጥንቱ የሜዲትራኒያን ዓለም ወራሾች ናቸው፤ አንዱ ቅርሱን በብራና ያዘው፣ ሌላው በሱፍ።

ጎንደር ደግሞ በጨርቅም ይዛዋለች፤ ከፋርስ ምንጣፎች ጎን ቆሞ የማያፍር ሥራ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን፣ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን አካባቢ፣ የተሠሩት የሐር መጋረጃዎች እንደዚያ ናቸው። አንደኛው ለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም፣ ሌላው ካናዳ ቶሮንቶ በሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ይገኛል። ቁመታቸው ከ5 ሜትር ይበልጣል፤ ስፋታቸው ወደ 2 ሜትር ይጠጋል። ቤተ መቅደሱን ከምእመናን የሚጋርዱ ነበሩ። ዘውድ የደፉ ነገሥታት፣ ካህናትና ወታደሮች ተሸምነውባቸዋል። አንዳንድ ተመራማሪዎች ሥዕሉ ዐፄ በካፋን፣ ምንትዋብንና ልጃቸውን ዳግማዊ ኢያሱን እንደሚያሳይ ያምናሉ።

የአሠራሩን ነገር ልንገርዎ፤ መቆም የሚገባን እዚህ ላይ ነው። መጋረጃዎቹ በተለመደው የሸማኔ ዕቃ የተሠሩ አይደሉም። በአራት ጥግ የተበሱ ትንንሽ ቀጫጭን ሰሌዳዎች ይዘጋጃሉ፤ ክሩ በቀዳዳዎቹ ያልፋል። ሸማኔው ሰሌዳዎቹን እያዞረ ክሩን ያገምደዋል፤ ከመዞሩም ሥዕሉ ይወጣል። በሌላው ዓለም በዚህ ዘዴ የሚሠራው ቀበቶና ጥብጣብ ነው፤ ጣት የሚያህል ወርድ ያለው ነገር። የጎንደር ሸማኔዎች በመቶ የሚቆጠሩ ሰሌዳዎችን ጎን ለጎን ደርድረው የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የሚሸፍን ጨርቅ አወጡበት። በዓለም ላይ በዚህ ዘዴ ከተሠሩት ሁሉ ትልልቆቹ ተብለው የሚጠቀሱት እነዚህ ናቸው። ሐሩ የአገር ውስጥ አይደለም፤ በባሕር ተሻግሮ፣ በነጋዴ ግመልና በቅሎ ጎንደር የገባ ነው።

ማን ሸመናቸው? ስማቸው አልቀረልንም። በዘመኑ የጎንደር ሽመና በአብዛኛው በሙስሊሞችና በቤተ እስራኤል እጅ እንደነበር ግን ይታወቃል። የክርስቲያን መቅደስ መጋረጃ፣ ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ ሐር፣ ምናልባትም የአዲስ ዓለም ወይም የወለቃ ሸማኔ እጅ። ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ከ1667 እስከ 1682 እ.ኤ.አ. በነገሡበት ዘመን ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ አዋጅ ወጥቶ ነበር። ሰፈሩ ተለየ፤ እጁና ጥበቡ ግን መቅደሱ ድረስ ይደርስ ነበር።

ሁለቱ መጋረጃዎች ከአገር የወጡት ከ1868ቱ የመቅደላ ዘመቻ ጋር በተያያዘ ነው። ጎንደር የተሸመነውን ለማየት ዛሬ የጎንደር ልጅ ለንደን ወይም ቶሮንቶ መሄድ አለበት።

ሐሩ ከሩቅ ከመጣ ሐሳቡስ? በዚያ ዘመን ጎንደር በሯን ዘግታ የተቀመጠች ከተማ አልነበረችም። ዐፄ ፋሲል ከተማዋን በ1636 እ.ኤ.አ. ከቆረቆሩ ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ የየመኑ መልእክተኛ አል-ሐይሚ መጥቶ ቤተ መንግሥቱን አየ፤ ግንበኛው የህንድ ሰው መሆኑንም ጻፈ። በ1660ዎቹ ፋሲል በሙራድ የሚመራ መልእክት ወደ ህንዱ የሙጋል ንጉሥ አውራንግዜብ ላኩ። ሙራድ አርመናዊ ነጋዴ ነበር። አብሮት ሲዲ ካሚል የተባለ ሙስሊም መልእክተኛ ሄዷል። ደልሂ ላይ ያገኛቸው ፈረንሳዊው ሐኪም ፍራንሷ በርኒዬ ይዘውት የመጡትን ገጸ በረከት ዘርዝሯል፤ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ያሳዝናል፣ ባሪያዎችም ነበሩበት። እንዲህ ያለ መልእክት ባዶ እጁን አይመለስም። የክብር ልብስና ጨርቅ ተቀብሎ ነው የሚመጣው።

ውጤቱን በሥዕሎቻችን ላይ ያዩታል። ዳግማዊ የጎንደር አሣሣል በሚባለው፣ በምንትዋብ ዘመን በደመቀው ስልት፣ ቅዱሳኑ የለበሱት አበባ የበዛበት የወርቅና የሐር ጨርቅ ነው። ጣና ሐይቅ ላይ፣ በደቅ ደሴት፣ ምንትዋብ ራሷ ያሠራችው ናርጋ ሥላሴ አለ። እቴጌይቱ እዚያ ግድግዳ ላይ ተሥላለች፤ ያጌጠ ልብሷን ለብሳ፣ በእመቤታችን እግር ሥር ሰግዳ። ንግሥት ሆና ለዘላለም እንድትታይ የመረጠችው ግንባሯ መሬት ላይ ሆኖ ነው።

ፋርስ ራሷ ከማን ተማረች?

የፋርስ ምንጣፍ ንጹሕ የፋርስ ነው የሚል ካለ ምንጣፉ ራሱ ይመልስለታል። በዓለም ላይ ተሟልቶ የተገኘው እጅግ አሮጌው በቋጠሮ የተሠራ ምንጣፍ ፋርስ ውስጥ አልተገኘም። በ1949 እ.ኤ.አ. ሩሲያዊው ሰርጌይ ሩዴንኮ በሳይቤሪያ አልታይ ተራሮች፣ ፓዚሪክ በሚባል ቦታ፣ በበረዶ ከተያዘ መቃብር ነው ያወጣው። ዕድሜው ወደ 2,400 ዓመት ይጠጋል። ዛሬ በሴንት ፒተርስበርግ ኤርሚታዥ ሙዚየም አለ።

ሞንጎሎች ፋርስን ከያዙ በኋላ የቻይና ነገር ገባ፤ በአሮጌ የፋርስ ምንጣፎች ጠርዝ ላይ የሚያዩት የተጠቀለለ ደመና ከቻይና ሐር የተቀዳ ነው። ከዚያ የሳፋቪድ ነገሥታት መጡ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በቤተ መንግሥታቸው መጻሕፍትን የሚያስጌጡት ሠዓሊዎች የምንጣፉንም ንድፍ ያወጡ ነበር፤ መሐል ላይ ያለው ትልቅ ክብ ጌጥ ከመጽሐፍ ሽፋን ወደ ወለል የወረደ ነው። ጎንደርም ከብራናው ሐረግ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ድረስ አንድ እጅ ሲሠራ አይታለችና ነገሩ አዲስ አይሆንባትም። በኋላ ደግሞ ከሙጋል ህንድ አበባው በእጅጉ የበዛ ንድፍ መጣ። ሺራዝ አካባቢ ያሉ ሸማኔዎች ወስደው በራሳቸው መንገድ ሠሩት፤ ከአንድ ማሰሮ የሚፈነዳ በሺህ የሚቆጠር አበባ በቅስቱ ሥር። የሙጋል ሠዓሊዎች ራሳቸው አበባውን እንዲያ መሣል የጀመሩት ከአውሮፓ የመጡ የዕፅዋት መጻሕፍትን አይተው ነበር።

ከፋርስ ምንጣፎች ሁሉ ስመ ጥሩው አርደቢል ነው፤ ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። በላዩ የተጻፈው ዓመት 946 ሒጅራ ነው፤ ይህም በአውሮፓ አቆጣጠር 1539 ወይም 1540 ማለት ነው። የመቅሱድ ካሻኒ ስምም ተጽፎበታል። 10.5 ሜትር በ5.3 ሜትር ይሆናል። በእያንዳንዱ አሥር ሳንቲ ሜትር በአሥር ሳንቲ ሜትር ውስጥ ወደ 5,300 ቋጠሮ አለው። ሁሉም በጣት የታሰረ ነው። እስቲ መዳፍዎን ዘርግተው ያን ያህል ቋጠሮ በመዳፍዎ ልክ ያስቡት።

ስለ መስገጃዎቹ ደግሞ ሰብሳቢዎች የማይረሱት ታሪክ አለ። ጆርጅ ሳልቲንግ የሚባል ሰው በ1909 እ.ኤ.አ. ሲያርፍ ስብስቡን ለእንግሊዝ ሙዚየሞች ተወ። በእሱ ስም «ሳልቲንግ» የሚባሉ የፋርስ ምንጣፎች አሉ፤ መስገጃ የሆኑት በብዛት ኢስታንቡል በቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ተገኝተዋል። ቀለማቸው እንደ ትናንት ሥራ ያበራል። ለብዙ ዓመታት ባለሙያዎች በዚህ ድምቀታቸው ምክንያት «በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቱርክ ውስጥ አስመስለው የሠሩአቸው ናቸው» አሏቸው። በኋላ አሠራራቸውና ቀለማቸው ሲመረመር ብዙዎቹ ምሁራን የ16ኛው ክፍለ ዘመን የፋርስ ሥራ ናቸው ወደሚለው አዘነበሉ፤ ምናልባትም ከፋርሱ ሻህ ለቱርኩ ሱልጣን የተላኩ ስጦታዎች። በግምጃ ቤት ተጠቅልለው ስለኖሩ አልደበዘዙም። ደማቅ ሁሉ አዲስ አይደለም፤ የነተበም ሁሉ አሮጌ አይደለም።

ሳጥኑን ሲከፍቱ

አሁን ወደ ቤትዎ እንመለስ። ልዋጭ የሚለው ሰው በበርዎ ሲያልፍ «ያ አሮጌ ምንጣፍ ይሂድልን» ብለው ያውቃሉ? በብዙ ቤት አያት ከሐጅ ሲመለሱ ያመጡት መስገጃ፣ ከአሥመራ ወይም ከምጽዋ ነጋዴ የተገዛ ምንጣፍ፣ ወይም የመንዝ ሱፍ ባና በፕላስቲክ ሳፋ ተለውጧል። እውነቱን ለመናገር ከእነዚህ መሐል የጥንት የፋርስ ሥራ የሚሆነው በጣም ጥቂቱ ነው። በንግዱ ዓለም «አንቲክ» ለመባል ብዙ ጊዜ መቶ ዓመት ይጠየቃል። ቢሆንም ከመስጠትዎ በፊት አሥር ደቂቃ ይስጡት።

መጀመሪያ ይገልብጡት። በእጅ የተቋጠረ ምንጣፍ ጀርባው ላይ ሥዕሉ እንደ ፊቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ቋጠሮዎቹም ፍጹም እኩል አይሆኑም፣ እዚህ ጠበቅ እዚያ ላላ ይላሉ። ቀጥሎ ዘርፉን ይዩ። በእጅ ሥራው ላይ ዘርፉ የምንጣፉ የራሱ ድር ነው፤ ከውስጥ ይወጣል። በማሽኑ ላይ ዘርፉ ብዙ ጊዜ ተሰፍቶ የተቀጠለ ነው። ከዚያ ጸጉሩን በጣትዎ ከፈል አድርገው ሥሩን ይመልከቱ፤ ክሩ በድሩ ዙሪያ ታስሮ ካዩ የሰው ጣት አለበት። የአስተሳሰሩ ዓይነትም ይናገራል። ክሩ ሁለቱንም ድር እኩል አቅፎ ከመሐላቸው ከወጣ የቱርክ ቋጠሮ ይባላል፤ አንዱን ብቻ ዞሮ ከሌላው ጎን ከወጣ የፋርስ። ነገር ግን ተብሪዝ የፋርስ ከተማ ሆና የቱርኩን ቋጠሮ ትጠቀማለችና በዚህ ብቻ አይፍረዱ።

ቀለሙስ? በአንድ ሰማያዊ መስክ ውስጥ ትንሽ ጠቆር፣ ትንሽ ፈዘዝ ያለ ሰንበር ካዩ አይናደዱ። ሸማኔው አንዱ ክር አልቆበት ሌላ ዙር ነክሮ መቀጠሉን ነው የሚነግርዎ፤ ሰብሳቢዎች ይወዱታል። ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ቀለሙ በጸጉሩ ጫፍ ጠፍቶ በሥሩ ላይ ብቻ ከደመቀ የፋብሪካ ቀለም ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ ቀለም የተገኘው በ1856 እ.ኤ.አ. ነውና ምንጣፉ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው ማለት ነው። ነጭ ጨርቅ አርጥበው ጠርዙን ቀስ ብለው ቢያሹትና ቀለሙ ቢለቅ በፍጹም ውኃ ውስጥ አይንከሩት።

በኦሞ አይታጠብ። ፀሐይ ላይም አይሰቀል፤ ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ ባለበት፣ በጀርባው በኩል ቀስ ብሎ ይራገፍ። ሲያስቀምጡት አይጠፉት፤ ይጠቅልሉት፣ እጥፉ ላይ ድሩ ይሰበራልና። በላስቲክ አይሸፈን፤ ንጹሕ የጥጥ ነጠላ ይበቃል። ብልን የሚያጠፋው ደግሞ ናፍታሊኑ ብቻ ሳይሆን በየጥቂት ወሩ ፈትቶ ማየት ነው።

መሸጥ ከፈለጉ መብትዎ ነው። ነገር ግን በእጅዎ ያለው ነገር ቅርስ ከሆነ፣ በተለይ የቤተ ክርስቲያን መጋረጃ፣ የብራና ሐረግ ወይም የድሮ የአገር ሽመና፣ ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። «ለፈረንጅ እንሽጥልህ» የሚልዎ ደላላ ይህን አይነግርዎትም።

ከቤትዎ እንዳይወጣ ከወሰኑ ደግሞ አንድ ስንዝር የምትሆን ነጭ የጥጥ ጨርቅ ይቁረጡ። በማይለቅ ቀለም ማን እንዳመጣው፣ ከየት፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ ማን ይሰግድበት እንደነበር ይጻፉባት። አያትዎ በሕይወት ካሉ እሳቸውን እየጠየቁ ይጻፉ፤ አዲስ ዓለም ይሁን ቀሃ፣ ደባርቅ ይሁን ጎርጎራ፣ መንገዱን ሳይቀር ይንገሩዎ። ከዚያ ከምንጣፉ ጀርባ፣ ከግርጌው ጥግ፣ በቀጭን መርፌ በድሮቹ መሐል እያሳለፉ ይስፉት።